አዳማና ወንጂ ዙሪያ የማሳን ትነት በሳተላይት ለማስላት የትኛው መንገድ ይሻላል?

ከአንድ ሄክታር ማሳ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ውሃ ተነነ ማለት 10 ኪዩቢክ ሜትር ሄደ ማለት ነው። ባለ 10 ሄክታር የአገዳ ማሳ ላይ ስሌታችሁ በቀን በአንድ ሚሊ ሜትር ከሳተ፣ 10 ሺህ ሊትር የሚይዝ ቦቴ በየቀኑ አሥር ጊዜ ሞልቶ የሚወስደውን ያህል ውሃ የት እንደገባ አታውቁትም። ከአፈሩ የሚተነውና ተክሉ በቅጠሉ የሚያወጣው ውሃ ድምር ባለሙያው በአጭሩ ኢቲ የሚለው ነው። ይህን ከሳተላይት ምስል ለማስላት ካሉት መንገዶች ለአዳማ፣ ለወንጂ፣ ለዶዶታና ለመተሐራ ዓይነት መሬት የትኛው እንደሚያዋጣ ነው እዚህ የምናነጻጽረው።

መንገዱ ብዙ ነው፣ ስሙም በዝቷል፦ ሴባል፣ ሜትሪክ፣ ኤስሴቦፕ፣ ዋፖር፣ ሞድ16፣ የሰብል ኮፊሸንት። ብዙ ሰው፣ በተለይ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠራ ተማሪ፣ ከስሙ ይጀምራል። መጀመር ያለበት ግን ከሁለት ጥያቄ ነው። አንደኛ፣ የምትፈልጉት ማሳው መጠጣት የነበረበትን ነው ወይስ በእርግጥ የጠጣውን? ሁለተኛ፣ ማሳው በሳተላይቱ ዓይን ስንት ፒክስል ይሆናል? እነዚህን ከመለሳችሁ ከዝርዝሩ ግማሹ በራሱ ይወድቃል።

መጀመሪያ ማሳውን ለኩ

ላንድሳት 8 እና 9 የተባሉት ሳተላይቶች የመሬትን ሙቀት የሚለኩት በ100 ሜትር ፒክስል ነው። የሚወርደው ፋይል ላይ 30 ሜትር ስለሚል ብዙ ሰው ይሸወዳል፤ 30 ሜትሩ የ100 ሜትሩ ልኬት ተከፋፍሎ የተጻፈ እንጂ አዲስ ልኬት አይደለም። 100 በ100 ሜትር አንድ ሄክታር ነው። አዋሽ ዳር በፓምፕ እየሳበ ሽንኩርት የሚያለማ ገበሬ ግማሽ ሄክታር ቢኖረው፣ ማሳው 70 በ70 ሜትር ገደማ ስለሚሆን ከአንድ የሙቀት ፒክስል ያንሳል። የሽንኩርቱ ቅዝቃዜ አጠገቡ ካለው፣ ታጭዶ ባዶ ከቀረው የጤፍ ማሳ ሙቀት ጋር ተደባልቆ አማካዩ ይደርሳችኋል። ያኔ ሽንኩርቱ የተጠማ ይመስላል፣ ባዶው መሬት ደግሞ ውሃ የሚጠጣ ይመስላል። ሁለቱም ውሸት ነው።

የፒክስሉ መስመር የትም ቢያርፍ አንድ ሙሉ ንጹህ የሙቀት ፒክስል ማሳው ውስጥ እንዲገኝ፣ ማሳው በሁለቱም አቅጣጫ 200 ሜትር መሆን አለበት፤ ይህም 4 ሄክታር ነው። የወንጂ የአገዳ ማሳዎች ብዙዎቹ ይህን ያልፋሉ፤ ስለዚህ ወንጂ ላይ ሙቀት ለክቶ መሥራት ይቻላል። የአነስተኛ ገበሬ የአትክልት ማሳ ላይ ግን ላንድሳትን ብቻ ይዞ «የዚህን ሰውዬ ማሳ ኢቲ አሰላሁ» ማለት አያስኬድም። እዚያ የሚያዋጣው በ10 ሜትር ፒክስል የሚያየው ሴንቲኔል-2 የተባለው ሳተላይት ነው፤ እሱ ደግሞ ሙቀት የሚለካ መሣሪያ የለውም። የምርጫው ጭንቀት ያለው እዚህ ላይ ነው፦ ጥማትን የሚያይ ሳተላይት ማሳውን አጥርቶ አያይም፤ ማሳውን አጥርቶ የሚያየው ጥማትን አያይም።

ሙቀት ምን ያያል፣ ቅጠል ምን ያያል?

ልዩነቱን አገዳ ሊቆረጥ ሲል ማየት ይቻላል። ስኳሩ እንዲጠነክር ከቆረጣ በፊት ውሃ ይቋረጥበታል። በዚያ ጊዜ የአገዳው ቅጠል ገና አረንጓዴ ስለሆነ፣ አረንጓዴነትን የሚለካው ኤንዲቪአይ ለረጅም ጊዜ ከፍ እንዳለ ይቆያል፤ በኤንዲቪአይ የሚሠራ ስሌትም ማሳው እንደ ድሮው እየጠጣ ነው ይላችኋል። ተክሉ ግን የቅጠሉን ቀዳዳዎች መዝጋት ጀምሯል። የሚተን ውሃ ሲቀንስ ቅጠሉ ይሞቃል፤ ላንድሳት ላይ ያ ማሳ ውሃ ካልተቋረጠበት ጎረቤቱ ሞቆ ይታያል። የምትመረምሩት ውሃ በእኩል መድረሱን፣ የቦዩ ጭራ ላይ ያለው ማሳ መጠማቱን፣ ወይም ፓምፕ ሲበላሽ የደረሰውን ከሆነ ያለ ሙቀት መረጃ አትሞክሩት። ጥያቄው «ለሚቀጥለው ሳምንት ስንት ልስጥ?» ከሆነ ግን ሙቀት አያስፈልጋችሁም። ውሃ ሳያጥረው ሰብሉ የሚፈልገውን ማወቅ ይበቃል፤ ለዚያ ሴንቲኔል-2 በርካሽ ያገለግላል።

ተዘጋጅቶ የተቀመጠው፦ ዋፖር

የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት የሚያቀርበው ዋፖር የተሰላ ኢቲ በነጻ ይሰጣል። ሦስት ደረጃ አለው። አሁን ባለው 3ኛ እትም ደረጃ 1 በ300 ሜትር፣ ደረጃ 2 በ100 ሜትር፣ ደረጃ 3 ደግሞ ለተመረጡ የመስኖ ቦታዎች በ20 ሜትር ነው። የአዋሽ ተፋሰስ ከጅምሩ ትኩረት ካገኙት ቦታዎች አንዱ ሲሆን፣ ወንጂም በደረጃ 3 ከታዩት የመስኖ እርሻዎች መካከል ናት። ከአፈር የተነነውን፣ በተክሉ የወጣውንና ቅጠል ላይ አርፎ የደረቀውን ለየብቻ አስቀምጦ ይሰጣል፤ ይህን በእጃችሁ በላንድሳት ልታገኙት አትችሉም።

መረጃው በየአሥር ቀኑ ይወጣል፤ ዋናው ስህተት የሚሠራውም እዚህ ነው። ፋይሉ ውስጥ ያለው ቁጥር በ0.1 መባዛት አለበት፤ ከተባዛ በኋላም የሚያገኙት የቀን አማካይ እንጂ የአሥር ቀን ድምር አይደለም። ፒክስሉ ላይ 48 አያችሁ እንበል። ትርጉሙ በቀን 4.8 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ የጃንዋሪ ሦስተኛ አሥር ቀን ከሆነ 11 ቀን ስላለው 52.8 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ የፌብሩዋሪ ሦስተኛ ከሆነና ወሩ 28 ቀን ካለው 8 ቀን ብቻ ስለሆነ 38.4 ነው። ዝም ብሎ በ10 የሚያባዛ ሰው የዓመቱ ድምር ላይ ብዙ ላይሳሳት ይችላል፤ የአንድ የመስኖ ዙር ሒሳብ ላይ ግን ይሳሳታል።

ሌላው፣ 20 ሜትር የሚለው ቁጥር ደረት አያስነፋ። በ20 ሜትር ሙቀት የሚለካ ሳተላይት እዚህ ስሌት ውስጥ የለም። ሙቀቱ ከሸካራ ምስል መጥቶ በሚታየው ብርሃን ባንዶች ተስሎ ነው ወደ 20 ሜትር የወረደው። ስለዚህ በሁለት አጎራባች ትናንሽ ማሳዎች መካከል ዋፖር ልዩነት ካሳያችሁ፣ ያ ልዩነት ባብዛኛው የመጣው ከቅጠሉ አረንጓዴነት ነው። ከመረጃው ጋር የጥራት ሽፋን ይወርዳል፤ ያንን ፒክስል ለመጨረሻ ጊዜ በእርግጥ ያዩት ከስንት ቀን በፊት እንደሆነ ይነግራችኋል። በክረምት ያ ቁጥር ሲያድግ ታያላችሁ፤ ያን ጊዜ ካርታው በአብዛኛው በግምት የተሞላ ነው።

ለተፋሰስ ሪፖርት፣ ለዓመታዊ የውሃ ሒሳብ፣ ለወረዳ ንጽጽር ዋፖርን ያዙና ሌላ አትፈልጉ። ራሳችሁ ስሌት የምትሠሩ እንኳ ብትሆኑ መጀመሪያ ዋፖርን አውርዱ፤ ከእሱ በእጥፍ የራቀ መልስ ካገኛችሁ ስህተቱ ዘጠኝ ጊዜ ከአሥር የእናንተ ነው።

በእጅ የሚሠራው፦ ላንድሳትና ሙቀት

አዳማና ወንጂ በላንድሳት ዱካ 168፣ ረድፍ 54 ውስጥ ናቸው። አንዱ ሳተላይት በ16 ቀን አንዴ ይመጣል፤ 8 እና 9 ተደምረው በ8 ቀን አንዴ ማለት ነው። የሚያልፉት ከጠዋቱ 4 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ሙሉ ምስል ማውረድ ወደ አንድ ጊጋባይት የሚጠጋ ስለሆነ፣ ኢንተርኔቱ የሚያንገራግርበት ሰው ስሌቱን እዚያው ጉግል ኧርዝ ኢንጅን ላይ ጨርሶ ውጤቱን ብቻ ቢያወርድ ይሻለዋል። ለትምህርትና ለምርምር ነጻ ነው።

እዚህ ሁለት ቤተሰብ አለ። የመጀመሪያው ሴባልና ልጁ ሜትሪክ ናቸው። ሴባልን ባስቲያንሰን እ.ኤ.አ. በ1998 አወጣው፤ ሜትሪክን ደግሞ አለን፣ ታሱሚና ትሬዛ በ2007። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ከፀሐይ መጥቶ መሬቱ ላይ የቀረው የተጣራ ጨረር ወደ አፈር ይገባል፣ አየሩን ያሞቃል፣ የተረፈው ውሃ ያተናል። ሁለቱን ቀንሰን የተረፈውን ወደ ውሃ እንመነዝራለን። የደረሰ የአገዳ ማሳ ላይ በዚያ ሰዓት የተጣራው ጨረር በካሬ ሜትር 600 ዋት፣ ወደ አፈር የገባው 60፣ አየሩን ያሞቀው 90 ቢሆን ለትነት 450 ይቀራል። 450ን በ3600 ሰከንድ አባዝተን በ2.45 ሚሊዮን ጁል (አንድ ኪሎ ውሃ ለማትነን የሚያስፈልገው) ስናካፍል በሰዓት 0.66 ሚሊ ሜትር ነው። በዚያ ሰዓት የማጣቀሻ ሰብሉ፣ ማለትም ውሃ ያልጎደለበት አልፋልፋ፣ ኢቲ 0.68 ከነበረ ማሳው የማጣቀሻውን 97 በመቶ ያህል እየጠጣ ነው። የቀኑ ማጣቀሻ 6.5 ከሆነ ማሳው በቀን 6.3 ሚሊ ሜትር አውጥቷል።

ችግሩ ያለው 90 ባልነው ቁጥር ላይ ነው። እሱ የሚወሰነው በሁለት መልህቅ ፒክስሎች (አንዱ ውሃ የጠገበ ቀዝቃዛ፣ ሌላው የደረቀ ሞቃት ቦታ) ሲሆን እነሱን የሚመርጠው ሰው ነው። ቀዝቃዛው መልህቅ ወንጂ ላይ ችግር የለውም፤ ቅጠሉ መሬቱን የሸፈነ፣ ውሃ የጠገበ አገዳ መሐል ግቡ። የቆቃን ውሃ ግን ቀዝቃዛ መልህቅ አታድርጉ። ውሃ ሙቀቱን ወደ ጥልቁ ስለሚያስገባ ፊቱ የቀዘቀዘው በትነት ብቻ አይደለም፤ ሞዴሉ ይህን አያውቅም። የሐይቁን ትነት ራሱን ማወቅ ከፈለጋችሁም ለገላጣ ውሃ የተሠራ የፔንማን ስሌት ተጠቀሙ እንጂ ሴባልን ተዉት።

ሞቃቱን መልህቅ በተመለከተ አዳማ ዙሪያ ሦስት ወጥመድ አለ። አንዱ የከተማው ቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮ ሙቀቱን በጨረር የመልቀቅ አቅሙ ዝቅተኛ ስለሆነ ከላይ ሲታይ ከእውነቱ የቀዘቀዘ ይመስላል። ሞዴሉም የአዳማ ሰፈር ጣራ ውሃ ያተናል ብሎ ካርታ ያወጣል። ስለዚህ ከተማውን ከስሌቱ በፊት ቁረጡት። ሁለተኛው ለቆረጣ የተቃጠለ የአገዳ ማሳ ነው። ጥቁር አመዱ ፀሐይን ስለሚውጥ ከተለመደው ባዶ መሬት በላይ ይሞቃል፤ መልህቅ ካደረጋችሁት የቀሩት ባዶ ማሳዎች ሁሉ ውሃ ያላቸው መስለው ይታያሉ። ሦስተኛው ከሜዳው ዙሪያ ያለው ከፍታ ነው። የአየሩ ሙቀት በየ1000 ሜትሩ ወደ 6.5 ዲግሪ ይቀንሳል። የወንጂ ሜዳ 1540 ሜትር ገደማ ላይ ሆኖ 2000 ሜትር ላይ ያለ እርሻን በዚያው ስሌት ውስጥ ብትከቱ፣ 3 ዲግሪ በከፍታ ብቻ መጣ ማለት ነው። በከፍታ ሞዴል ካላስተካከላችሁ ዳገቱ ውሃ የጠገበ ይመስላል። ደህናው ሞቃት መልህቅ ከሜዳው ሳይወጣ የሚገኝ፣ ታርሶ የደረቀ፣ ኤንዲቪአዩ ከ0.2 በታች የሆነ ሰፊ ማሳ ነው። ባለፉት ቀናት ዝናብ ከነካው ኢቲው ዜሮ ነው አትበሉ፤ ከዝናቡ ጀምሮ የአፈሩን እርጥበት በየቀኑ አስሉና ያንን ስጡት።

ሁለተኛው ቤተሰብ ኤስሴቦፕ ነው። ገብርኤል ሰናይና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጡት ይህ መንገድ መልህቅ የመምረጡን ጣጣ ለማስቀረት የተሠራ ነው። የቀዝቃዛው ጫፍ ሙቀት ከዕለቱ ከፍተኛ የአየር ሙቀት ይሰላል፤ በቀዝቃዛውና በሞቃቱ መካከል ያለው ልዩነትም ለየቦታው አስቀድሞ ተሰልቶ ይቀመጣል። በአንድ ፒክስል እንየው። ላንድሳት የላከው የሙቀት ቁጥር 43,600 ነው። በ0.00341802 ይባዛል፣ 149 ይደመርበታል፣ 298.03 ኬልቪን ይሆናል፤ ወደ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። የዕለቱ ከፍተኛ የአየር ሙቀት 28 ዲግሪ፣ ማለትም 301.15 ኬልቪን ነበር። የአየሩን ሙቀት ወደ ቀዝቃዛው ጫፍ የሚቀይረው ማስተካከያ 0.978 ከሆነ ቀዝቃዛው ጫፍ 294.5 ነው። ልዩነቱ 20 ተብሎ ከተያዘ ሞቃቱ ጫፍ 314.5 ይሆናል። የእኛ ፒክስል ከሞቃቱ በ16.5 ይርቃል፤ በ20 ሲካፈል 0.82 ነው። በሣር የተሰላው ማጣቀሻ ኢቲ 5.5 ከሆነ ወደ አልፋልፋ ለመቀየር በ1.25 ተባዝቶ 6.9፤ ስለዚህ ማሳው በቀን 5.7 ሚሊ ሜትር ገደማ አውጥቷል።

አሁን 0.978 የነበረውን 0.988 አድርጉትና ድገሙት። መልሱ 6.7 ይሆናል። በሁለተኛው የአስርዮሽ ቤት የአንድ ለውጥ ብቻ፣ መጀመሪያ ያልናቸውን አሥር ቦቴዎች ይዞ ሄደ። ስለዚህ ማስተካከያውን ከሌላ አገር ጽሑፍ ገልብጣችሁ አታስገቡ፤ ከዕለቱ ምስል ከራሱ፣ ጥቅጥቅ ካለው የወንጂ አገዳ ላይ አውጡት። በበጋ ከአገዳው ውጭ ያን ያህል አረንጓዴ የሚገኝበት ቦታ ጥቂት ነው፤ ይሄ ለሌላው አካባቢ ችግር ሲሆን ለወንጂ ጥቅም ነው። በ1.25 ስለማባዛቱም አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፦ ያወረዳችሁት ማጣቀሻ ቀድሞ ለአልፋልፋ የተሰላ ከሆነ እንደገና ማባዛት 25 በመቶ ውሃ ከሰማይ መፍጠር ነው።

የቱን እንምረጥ? የሰዓት በሰዓት የአየር ጠባይ መረጃ ያለውና መልህቅ መምረጥ የለመደ ሰው ሜትሪክን ይያዝ፤ ነፋሻማ በሆነ ቦታ ላይ ከሴባልም ከኤስሴቦፕም ይሻላል። ሴባል በጠዋቱ የታየው የኃይል ክፍፍል ቀኑን ሙሉ እንደዚያው ይቀጥላል ብሎ ስለሚያስብ፣ ከሰዓት በኋላ ደረቅ ንፋስ ከባዶው መሬት ሙቀት ጭኖ ወደ አረንጓዴው ሲነፍስ ያሳንሳል። መተሐራ ላይ ይህ በደንብ ይታያል። ብዙ ዓመት፣ ብዙ ምስል፣ አንድ ሰው፣ አጭር ጊዜ ከሆነ ግን ኤስሴቦፕ። ሴባልን የሚያውቁ ሰዎች በሠለጠነ እጅ የአንድ ቀን ስህተቱን 15 በመቶ፣ የወቅቱን ድምር ደግሞ 5 በመቶ አካባቢ ያደርጉታል። «በሠለጠነ እጅ» የሚለው ቃል ላይ አስምሩበት።

ስስ ደመናንም አትናቁ። ዓይን ሳያየው የሚያልፍ ከፍ ያለ ስስ ደመና የመሬቱን ሙቀት በጥቂት ዲግሪ ዝቅ ያደርጋል፤ ያ ደግሞ በቀጥታ ኢቲ ይጨምራል። ከምስሉ ጋር የሚመጣውን የጥራት ባንድ ተጠቅማችሁ ደመናውንም ጥላውንም በትንሽ ኅዳግ ጨምራችሁ አውጡ። በሁለት ምስሎች መካከል ላሉት ቀናትም ኢቲውን ራሱን አታያይዙ፤ ከማጣቀሻው ጋር ያለውን ድርሻ አያይዙና በየቀኑ ማጣቀሻ አባዙት።

ለትናንሽ ማሳዎች፦ ሴንቲኔል-2 እና የሰብል ኮፊሸንት

ይህ ከሁሉም ቀላሉ ነው፤ ለሽንኩርትና ለቲማቲም ገበሬ የመስኖ ምክር ለሚሰጥ ባለሙያ የመጀመሪያ ምርጫው ይሁን። ሳተላይቶቹ ጥንድ ሆነው በ5 ቀን አንዴ ይመጣሉ። ከቀዩና ከቅርብ ኢንፍራሬድ ባንድ ኤንዲቪአይ ይወጣል፤ ከዚያ በቀጥታ መስመር ወደ ሰብል ኮፊሸንት፣ ማለትም የሰብሉ ኢቲ የማጣቀሻው ስንት እጥፍ እንደሆነ ወደሚናገረው ቁጥር፣ ይቀየራል። ከተለመዱት አንዱ፦ ኤንዲቪአይን በ1.44 አባዝቶ 0.1 መቀነስ። ውጤቱን በዕለቱ የሣር ማጣቀሻ ኢቲ ማባዛት ነው። የምታገኙትን ከዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ቁጥር 56 የመስኖ መመሪያ ጋር አስተያዩት፦ ለደረሰ አገዳ 1.25፣ ለሽንኩርት 1.05፣ ለቲማቲም 1.15። እነዚህ የአፈሩን ትነት ስለሚጨምሩ የእናንተ ቁጥር ትንሽ ቢያንስ አይገርምም፤ በብዙ ከሸሸ ግን ምስሉን መርምሩ።

መርምሩ ያልነው በምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 25 ቀን 2022 ጀምሮ የሴንቲኔል-2 ቁጥሮች ላይ 1000 ተጨምሮ ነው የሚመጣው፤ ከስሌት በፊት መቀነስ አለበት። አንድ የአገዳ ፒክስል ቀዩ 1400፣ ኢንፍራሬዱ 5000 ሆኖ መጣ እንበል። ሳይቀነስ ኤንዲቪአዩ 0.56 ነው፤ ሲቀነስ 400 እና 4000 ስለሚሆኑ 0.82 ነው። በ5.5 ማጣቀሻ የመጀመሪያው 3.9፣ ሁለተኛው 5.9 ሚሊ ሜትር ይሰጣል። የ2 ሚሊ ሜትር ልዩነት ያመጣው ያልተቀነሰ 1000 ነው። የ2021ን በጋ ከ2023 ጋር አነጻጽሮ «ሰብሉ ተዳከመ» የሚል ካርታ ብታዩ መጀመሪያ የምትጠይቁት ይሄን ይሁን። ኧርዝ ኢንጅን ላይ «የተስማማ» ተብሎ የተቀመጠውን ስብስብ ከመረጣችሁ ይህ ተስተካክሎ ይመጣል።

ድክመቱ ሁለት ነው። የደረሰ አገዳ ላይ ኤንዲቪአይ ይጠግባል፤ ሁሉም ማሳ ከ0.8 በላይ ይሆንና መለየት ያቆማል። በመጀመሪያው ሳምንት ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል። ሽንኩርቱ ተተክሎ ውሃ ሲጠጣ አረንጓዴ ስለሌለ ኤንዲቪአዩ 0.15፣ ኮፊሸንቱ 0.12 ይሆናል፤ እርጥቡ አፈር ግን ያን ቀን ከማጣቀሻው ጋር የሚቀራረብ ውሃ እያተነነ ነው። ተክሉ መሬቱን እስኪሸፍን ድረስ ከየመስኖው በኋላ ያሉትን ሁለት ሦስት ቀናት የአፈር ትነት ለብቻው ጨምሩ።

ሞድ16 እና ሌሎቹ

ሞዲስ ከተባለው የሳተላይት መሣሪያ የሚወጣው ሞድ16 ፒክስሉ 500 ሜትር፣ ጊዜው 8 ቀን ነው። የመሬቱን እርጥበት የሚገምተው ከአየሩ ድርቀት ስለሆነ በበጋ መስኖ ላይ በጣም ያሳንሳል፤ አየሩ ደርቆ መሬቱ ግን ውሃ የጠጣበትን ቦታ አያውቀውም፤ ወንጂ ደግሞ በጋ ላይ እንደዚያ ነች። ለመስኖ አትጠቀሙበት። ለሌላ ነገር ከተጠቀማችሁም ከ32,761 እስከ 32,767 ያሉት ቁጥሮች ውሃ፣ ከተማና የመሳሰለው ማለት ስለሆኑ አውጧቸው፤ ካልወጡ የቆቃ አካባቢ አማካይ በሺህ ሚሊ ሜትር ይሆናል። ኢኮስትረስ የተባለው የጠፈር ጣቢያው መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ሲሆን ሙቀትን በ70 ሜትር ይለካል፤ የሚያልፍበት ሰዓት ግን አንዴ ጠዋት፣ አንዴ ከሰዓት፣ አንዴ ሌሊት ነው። ከሰዓት በኋላ ጥማትን ለማየት ግሩም ነው፤ ተከታታይ የመስኖ ሒሳብ ለመሥራት ግን አይመችም።

የትኛውንም ብትመርጡ የሚያበላሸው

ማጣቀሻ ኢቲው ነው። ከላይ ያየናቸው መንገዶች አብዛኞቹ መጨረሻ ላይ በእሱ ይባዛሉ፤ አዳማ ደግሞ የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለባት ከተማ ናት። ማመንጫዎቹ ያሉት ኮረብታው ላይ፣ አገዳው ያለው ሜዳው ላይ ስለሆነ የአንዱን ነፋስ ለሌላው አትስጡ። ኢራ5-ላንድ የተባለው የወረደ የአየር ጠባይ መረጃ የሚሰጠው ነፋስ በ10 ሜትር ከፍታ የተሰላ ነው፤ ማጣቀሻ ኢቲ የሚሰላበት የፔንማን-ሞንቲት ቀመር የሚፈልገው የ2 ሜትሩን ስለሆነ በ0.748 አባዙት። ሙቀቱ 22 ዲግሪ፣ የተጣራው ጨረር በቀን 14 ሜጋ ጁል፣ የአየሩ የእርጥበት ጉድለት 1.3 ኪሎ ፓስካል በሆነበት ቀን፣ የ10 ሜትሩ ነፋስ 4 ሜትር በሰከንድ ቢሆን ትክክለኛው መልስ 5.8 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሳይባዛ ከገባ 6.2 ይሆናል። የባሕር ወለልን የአየር ግፊት ሳይቀይሩ መተው ግን በዚያው ቀን መልሱን አያንቀሳቅሰውም፤ ከቀመሩ ላይም ታችም ስለሚገባ ይጣፋል። ጊዜያችሁን ነፋሱ ላይ አጥፉ። የመልካሳ እርሻ ምርምር ማዕከል ቅርብ ስለሆነ የጣቢያውን መረጃ ማግኘት የቻለ ሰው ከየትኛውም የወረደ መረጃ ያንን ያስቀድም።

ሁለተኛው አበላሽ ሰዓትና ቀን ነው። የማሳው የመስኖ መዝገብ «ጥር 1» ይላል፤ የሳተላይቱ ፋይል ጃንዋሪ 9 ይላል። ከጳጉሜን 6 በኋላ ባለው ዓመት ግን ያው ጥር 1 ጃንዋሪ 10 ነው። መዝገቡን ወደ ፈረንጅ ቀን ሳይቀይር «ማሳው ውሃ ከጠጣ በኋላም አልቀዘቀዘም» የሚል ሰው ገና ውሃ ያልጠጣበትን ቀን እያየ ሊሆን ይችላል። ሰዓቱም እንደዚያው፦ ፋይሉ ላይ 7:36 ካለ የግሪንዊች ሰዓት ነው፤ በእኛ የግድግዳ ሰዓት ከጠዋቱ 4:36፣ በኮምፒውተሩ 10:36። የጣቢያ ጸሐፊው 4:36 ብሎ የመዘገበውን ነፋስ ሌሊት ነው ብላችሁ እንዳትጥሉት።

ሲያልቅ ከቦዩ ጋር አስታርቁት። የበጋውን ሙሉ ወቅት ውሰዱና ወደ ማሳው የገባውን ውሃ፣ ዝናቡን፣ በመጀመሪያና በመጨረሻ የነበረውን የአፈር እርጥበት ልዩነት ደምሩ፤ የተንጠፈጠፈውን ቀንሱ። ኢቲው ከዚህ ካለፈ ካርታው ተሳስቷል ብሎ መጣል አይደለም፤ ወንጂ ላይ የከርሰ ምድር ውሃው ቅርብ ስለሆነ አገዳው ከታችም ይጠጣል። የማሳውን የጉድጓድ መለኪያ ቧንቧ ሂዱና እዩ። ውሃው አንድ ሜትር ተኩል ላይ ከቆመ ትርፉ ከዚያ ሊሆን ይችላል፤ አምስት ሜትር ከሆነ ግን ወደ ሞቃቱ መልህቃችሁ ተመለሱ።